ስሙን የማትጠራው ፏፏቴ

መሄድ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የድርቤን ነገር ሳወራ ተራራ ወዳድ መስዬ እንዳልታይ ነው። እግዜር እግር የሰጠኝ ከጓዳ ወደ ምግብ ቤት፣ ከምግብ ቤት ወደ ጓዳ እንድመላለስበት ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በጃንሆይ ጊዜ፣ ነቀምቴን ገና ለቀምት እያልን በምንጠራበት ዘመን፣ እኔ በምሠራበት ሆቴል የሚያርፉት ፈረንጆች ቁጭ ብሎ ማረፍ የሚባል ነገር አያውቁም። አስተማሪዎች አሉ፣ ነርሶች አሉ፣ አንዳንዶቹ ምን እንደሆኑ እነሱም የሚያውቁት አይመስለኝም። ቅዳሜ ሲነጋ የጫማቸውን ማሰሪያ ያጠብቁና «ፏፏቴ» ይላሉ። ሸለቆ ወርደው፣ ሸለቆ ወጥተው፣ ውሃ ሲወድቅ አይተው ማታ ይመለሳሉ። ውሃ ወደ ታች መውደቁ ምኑ ይገርማል? ወደ ላይ ቢወጣ እኔም ሳልለመን በሄድኩ።

ግን ሄድኩ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ስለተማርኩ እንግሊዝኛ እሞክራለሁ። አባቴ በወታደርነት መጥቶ እዚያው የቀረ የመንዝ ሰው ቢሆንም ያደግኩት ከኦሮሞ ልጆች ጋር ስለሆነ ኦሮምኛው እንደ ልቤ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ሸዋጌጥ የእንግዶቹን ምሳ አሸከሙኝና «በዛብሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ አስተርጓሚ ነሽ» አሉኝ። የደመወዝ ጭማሪ የሌለበት ሹመት ነበር። መንገዱን የምትመራን ድርቤ ናት።

ድርቤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠይም ሴት ነበረች። ከከተማው ዳር፣ ከባኬ ጃማ ሰፈር ወዲያ ቆማ ትጠብቀናለች። «አከም ቡልተን?» ትላለች። እንዴት አደራችሁ ማለቷ ነው። ፈረንጆቹም እየተኮላተፉ ይመልሱላታል። ከዚያ በኋላ ማታ ስንለያይ ካልሆነ በቀር ብዙ አትናገርም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በዚያ ሒሳብ ድርቤ የወለጋ ባለጸጋ ነበረች።

ቀድማ ትሄዳለች፣ ዞር ብላ አታይም። የምትመራው በጆሮዋ ነው። ከኋላዋ አንዱ ሲያነክስ፣ ሌላው ትንፋሽ ሲያጥረው ከኮቴው ታውቅና ዛፍ ሥር ትቆማለች። የቆመችው ለእነሱ ብላ እንደሆነ እንዳይታወቅባት ቅጠል ትበጥሳለች፣ ወይም ሰማይ ታያለች። በመጀመሪያው ሸለቆ በዛፍ ጥላ ሥር የበቀለ የዱር ቡና አለ። ቀጥሎ ድንጋይ እየረገጥን የምንሻገረው ወንዝ ይመጣል። ከወንዙ ማዶ ሽቅብ ወጥተን ጉብታው ላይ ያለውን የአማቷን ግቢ ጥሰን እናልፋለን። ከዚያ ወዲያ መውረድ ብቻ ነው። ከታች የሚያጓራው ውሃ ሳይታይ በፊት ይሰማል፣ ፊትን ያረጥባል።

እዚያ ስንደርስ ፈረንጆቹ ይጮኻሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ከዚያ ያው ጥያቄ ይመጣል፤ «ስሙ ማን ይባላል?» ድርቤ መጀመሪያ ውሃውን ታያለች። ቀጥላ እኔን ታየኛለች።

«ጆቴ» እላለሁ እኔ። «የጆቴ ፏፏቴ።»

መጀመሪያ ሰሞን የማታውቀው መስሎኝ ነበር። የቆየ የሆቴሉ ዘበኛ ነው ያስረዳኝ። ጆቴ የባሏ አባት ናቸው። ከፏፏቴው በላይ ያለው መሬት የእሳቸው ስለሆነ ሰው ውሃውንም በስማቸው ጠራው። ባገሩ ወግ ደግሞ ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፣ እንደ ስሙ የሚጀምር ቃል ሁሉ ካፏ አይወጣም። ላጉ ይሉታል። ልጆች በኦሮምኛ «ጆሌ» ናቸው፤ ድርቤ ግን «ትንንሾቹ» ነው የምትለው። የራሷ ትንንሾች አልነበሯትም። ይህን ሳውቅ መሳቅም ማዘንም አማረኝ። በእኛስ ቤት ቢሆን? እናቴ አባቴን ዕድሜዋን ሙሉ «እሱ» እያለች ነው የኖረችው፤ ስትናደድ ብቻ «ሰውዬው» ትለዋለች።

መንገድ መምራቱ መጀመሪያ የባሏ የመርጋ ሥራ ነበር። ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ፈረንጆቹ ይወዱታል። አንደኛው ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር «ሾፌርነት ተምሬ እመጣለሁ» ብሎ አብሮት ሄደ። ክረምት አለፈ፤ ሌላ ክረምት መጣ። ፈረንጆቹ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጉብታው ላይ ወጥተው «መርጋ የት ነው?» ይላሉ። አንድ ቅዳሜ ድርቤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸነፈጠችና «መንገዱን እኔም አውቀዋለሁ» አለች። በእሱ መንገድ ላይ ከተመላለሰች አንድ ቀን ሲመጣ ታገኘው መስሏት ይሆናል።

ግቢው ውስጥ ሁለት ቤት አለ፤ ባንዱ እሷ፣ ባንዱ ሽማግሌው አማቷ። ሽማግሌውን አገሩ ሁሉ አባ መርጋ ይላቸዋል። ምራትና አማት ፊት ለፊት አይነጋገሩም፤ በመካከል የሚላላክ ልጅ ይኖራል። እነሱ ቤት ልጅ ስለሌለ ድርቤ ለሽማግሌው በር መቃን ትናገር ነበር።

«መቃኑ፣ አንጮቴው በስሏል በላቸው።» አንጮቴ እንደ ድንች ተቀቅሎ የሚበላ ሥር ነው።

ሽማግሌውም ከውስጥ ሆነው «መቃኑ፣ ደግ አደረግሽ በላት» ይላሉ።

ይህን ሰምቶ የማይስቅ የለም፤ እኔም ስቄያለሁ። ኋላ ግን ብቻዬን ተኝቼ ሳስበው ሳቁ ጠፋብኝ። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ብቸኛ ሰዎች፣ የሚያገናኛቸውም አንድ እንጨት ነው።

ታላቅ ወንድሟ ነገራ ሊወስዳት ከአባታቸው አገር ከአርጆ መጣ። ያን ቀን ዝናብ ይዞን ግቢው ውስጥ ተጠልለን ስለነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ወንድ የሌለበት ቤት ምን ትጠብቂያለሽ? ነይ ወደ አባትሽ ቤት እንሂድ» አላት።

«ላጉ የምትጠብቅ ሴት ሚስት ናት። እኔ ጠብቄያለሁ። ስማቸው ካፌ የወጣ ቀን ና፣ እከተልሃለሁ» አለችው።

ነገራም ወጉ እንዳለችው ነውና ብቻውን ተመለሰ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ያ ስም ካፏ እስካልወጣ ድረስ ቤት አላት፣ ባል አላት፣ አባት አላት። የወጣ ቀን ግን በሰው ግቢ የተቀመጠች ባዕድ ናት። ሌላ የሚያስራት ነገር አልነበረም፤ ልጅ የለ፣ ባል የለ፤ ያላት አንድ ዝም የምትልበት ስም ነው።

ተረፈ የሚባል ከአዲስ አበባ የተመደበ ወጣት አስተማሪ አንድ ቅዳሜ አብሮን ወረደ። ነገሩን ሲሰማ ሥልጣኔ ሊያስተምራት ተነሣ። «እስቲ አንድ ጊዜ ጥሪው፣ ተራራው ሲወድቅ እንይ» አላት እየሳቀ። ድርቤ አማርኛ ጠፍቷት አያውቅም፤ አትቸኩልም እንጂ። «ተራራው አይወድቅም» አለችው። «የሚወድቀው የኔ ቤት ነው።» ተረፈ ከዚያ በኋላ እስከ ለቀምት ድረስ የጫማውን ጫፍ እያየ ሄደ።

ማታ ማታ እስከ ከተማው ዳር ትሸኘናለች። ፈረንጆቹ እጇን ይጨብጣሉ፣ «በሚቀጥለው ቅዳሜ» ይላሉ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሎች ይመጣሉ። እነዚያ ወዳገራቸው ይገባሉ፤ አንዳቸውም እንዴት ነሽ ብሎ የጠየቃት ጊዜ አላውቅም። እሷ ያንኑ መንገድ መልሳ ብቻዋን ትወርደዋለች። አንድ ቀን አሳዘነችኝና «አዴ ድርቤ፣ ሲመሽ ብቻሽን አትፈሪም?» አልኳት፤ አዴ እትዬ እንደማለት ነው።

«ምን እፈራለሁ በዙ? የሚጠብቀኝ ሰው ቢኖር መዘግየቱን እፈራ ነበር» አለችኝ።

ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ አቁሞ ውሃው ገና ባልጎደለበት ሰሞን፣ እንግዶች ይዘን ጉብታው ላይ ስንወጣ ግቢው ውስጥ ላንድሮቨር ቆሞ አየን። ከአርጆ መንገድ ታጥፎ እርሻ ለእርሻ የመጣ ነው። ድርቤ ቀጥ አለች። ከኋላዋ ይከተላት የነበረው ፈረንጅ ጀርባዋን ገጨው። መርጋ የቆዳ ጃኬት ለብሶ መኪናውን ተደግፏል። አጠገቡ ፀጉሯን የተተኮሰች፣ ደልደል ያለች ሴት ቆማለች። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ማን እንደሆነች የነገረን የለም፣ የጠየቀም የለም።

ሴቲቱ ማዘንጊያ ትባላለች፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ወግ አታውቅ፣ ላጉ አታውቅ፣ ማንም አልነገራት። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሄደችና ጉልበታቸውን ሳመች።

«ጋሽ ጆቴ! መርጋ ስለርስዎ ስንቴ አውርቶልኛል መሰልዎት!»

አንዲት አሮጊት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ድርቤ አንገቷን ደፋች። እኔ ሽማግሌው ዱላቸውን ሲያነሡ ጠበቅኩ።

«ማን ነው ያልሽው?» አሉ ሽማግሌው በተሰባበረ አማርኛ።

«ጋሽ ጆቴ ነዋ! ስምዎ አይደለም እንዴ?»

ሽማግሌው ሳቁ። ጥርሳቸውን ያን ቀን ነው ያየሁት። «ስሜ ነው» አሉ። «ስሜ ነው። እስቲ ድገሚው።»

ማዘንጊያም ደገመችው።

ድርቤ ወደኛ ዞረች። «ኮታ» አለች፤ ኑ ማለቷ ነው። ዘወር ብላ ባሏን እንኳ አላየችውም። ቁልቁለቱን እንዲያ ስትወርደው አይቻት አላውቅም፤ የማንንም ኮቴ አልሰማችም። አንዲት ነርስ አዳልጧት ወደቀችና ጉልበቷ ተላጠ። ጩኸቱን ስትሰማ ድርቤ ተመልሳ ከነጠላዋ ጫፍ ቀደደችና አሰረችላት። ስታስር እንባዋ እጇ ላይ ይንጠባጠባል። ነርሷ ለእሷ ቁስል ያለቀሰች መስሏት «ደህና ነኝ፣ አይዞሽ፣ ደህና ነኝ» ትላታለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ይኸው ነው። እኔም መተርጎሙን ትቼ ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። መርጋ አዲስ አበባ ላይ አግብቻለሁ አለ፣ አልካደም። ሽማግሌዎቹም ድርቤን ጠርተው «ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ነሽ፣ ላጉ የለብሽም፣ ስሙን መጥራት ትችያለሽ» አሏት። እሷም ጉልበታቸውን ስማ ወጣች። መርጋና ማዘንጊያ ጥቂት ቀን ሰንብተው በላንድሮቨራቸው ተመለሱ። ማዘንጊያን ልጠላት ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም፤ ሳቂታ ናት፣ ክፋት የለባትም። መርጋን ግን ያለ አንዳች ችግር ጠላሁት።

ድርቤ ከግቢው አልወጣችም። እንደ ድሮው ለመቃኑ ትናገራለች፤ ፏፏቴው ጋ ስንደርስም እንደ ድሮው እኔን ታየኛለች።

«አሁንስ ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት አንድ ቀን፣ ወንዙ ዳር ውሃ ስንጠጣ።

«የፈታኝ ልጅየው ነው» አለች። «አባትየው አልፈቱኝም።»

ምን ይባላል? እንደገና ውሃ ጨልፌ ጠጣሁ።

ከዚያ በኋላ በሆነ ቅዳሜ ሁለት እንግዶች ብቻ ይዘን ስናልፍ ሽማግሌው ቡልኳቸውን ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ከግቢው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። «እኔም እወርዳለሁ» አሉኝ። ለመቃኑ አይደለም፣ ለእኔ ነው ያሉት። ወደ ውሃው ከወረዱ ዘመን አልፏል። ድርቤ እንደ ልማዷ ቀደመች፣ ዞር አላለችም። ግን እርምጃዋን ቀነሰች፤ ከዘራው ድንጋይ በነካ ቁጥር ትቆማለች፣ ቅጠል ትበጥሳለች። እንዲህ አድርገን ወረድን።

እንግዶቹ ሊታጠቡ ወደ ታች ወዳለው ኩሬ ሄዱ። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና ፊታቸውን ወደ ድርቤ አዞሩ።

«ያ ኢንተላ ኮ» አሏት። ልጄ ማለታቸው ነው።

ድርቤ ደነገጠች። በቀጥታ ሲያናግሯት ይህ የመጀመሪያ ነው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተችና መሬት መሬት አየች።

«ያች ልጅ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ጸጥ አለብኝ» አሉ። «ድሮም ጸጥ ያለ ነበር፤ እኔ አላውቀውም ነበር እንጂ። ጓደኛዬ ጃራ ከሞተ ወዲህ ጆቴ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ሰው ሁሉ አባ መርጋ ይለኛል፤ መርጋ የት አለ? ስሜን ይህ ውሃ ወሰደው። መንገደኛ ‹ጆቴ እንውረድ› ሲል ከደጄ ሆኜ እሰማለሁ፤ እኔን አይደለም። እነዚህን ሁሉ ዓመታት ያበላሽኝ አንቺ ነሽ። አንድ ጊዜ ካንቺ አፍ ልስማው። ጥሪኝ።»

«ጎፍታ ኮ» አለች ድርቤ፣ ጌታዬ ማለቷ ነው። «ይህን አይጠይቁኝ።»

«አባ መርጋ፣ ይተዉላት» አልኩ እኔም። አያገባኝም፣ ግን አልቻልኩም።

«ማሎ» አሉ ሽማግሌው። እባክሽ ማለት ነው። አባት ልጁን ማሎ አይልም፣ ያዛል እንጂ። እሳቸው ግን ለመኑ። ሁለቱንም ክንዳቸውን ዘርግተው ነው የለመኗት።

ድርቤ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አወረደች። ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው።

«ጆቴ» አለች።

ውሃው ዋጠው። ሽማግሌው ጆሯቸውን ቀስረው «አልሰማሁም» አሉ።

«ጆቴ!»

«ዬ!» አሉ። ወይ ማለት ነው። ከዘራቸውን ጥለው በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ያዙ፤ እንባቸው በጣታቸው መሐል ይወርዳል፣ ይስቃሉም። «ዬ፣ ዬ ልጄ! በቃ፣ ከእንግዲህ ለእንጨት መናገር ቀረ። እኔ ቤት፣ እሳቱ ዳር አብረን እንበላለን። ስሜን እየጠራሽ እዚሁ ትኖሪያለሽ። ልጄ ነሽ።»

«ልጅዎማ ዝም ባልኩ ጊዜ ነበርኩ» አለች ድርቤ። ቁጣ የለበትም፤ የደከመው ሰው እንደሚናገረው ነው የተናገረችው። ከዘራቸውን አንሥታ ሰጠቻቸው፣ እንግዶቹን ጠራች፣ ወደ ላይ ወጣን። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ስለነበር የሰሟት አልመሰለኝም።

ከተማው ዳር አድርሳን እንግዶቹን ከተሰናበተች በኋላ እኔን ለብቻዬ ያዘችኝ። «ቅዳሜ አትጠብቁኝ በዙ» አለች። «ለነገራ ቃል ሰጥቼዋለሁ፣ ታውቂያለሽ።» አውቃለሁ። አንገቷን አቅፌ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አርጆ ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈረንጆቹ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አጥብቀው መጡ። መንገዱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልተገኘ፣ መሄድ የማልወደው እኔ ፊት ሆኜ መራሁ። ጉብታው ላይ ስንወጣ ሽማግሌው ከግቢያቸው በር ላይ ቆመዋል። የሁላችንንም ፊት አንድ በአንድ አዩ።

«ድርቤስ?» አሉኝ።

«አርጆ ገብታለች፣ አባ መርጋ።»

ወደ ዘጋችው ቤቷ አዩ፣ መልሰው እኔን አዩኝ።

«ጠርታኝ እኮ ነበር» አሉ። «ሰው ጠርቶ ይሄዳል እንዴ?»